ክዳኑ ክፍት ሳለ

ከቀጭኑ የእንጨት ግድግዳ ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁት ድሮ ነው። ግማሹ ከጆሮዬ ወጥቷል። የቀረኝ ይኸው።

«ይከደን እንጂ።»

«ቆይ፣ ምን ያስቸኩላል?»

ምናልባት ይከደን ያለችው እሷ፣ ቆይ ያለው እሱ ይሆናል፤ እዚህ ላይ መማል አልችልም። ቀጥሎ የመጣው ግን የእሱ ድምፅ ነበር።

«እነዚህ ባክቴሪያዎቼ እኮ መድኃኒቱን የሚሠሩት ሲርባቸው ነው። ቀለብ የሞላላቸው ቀን ሥራ ብሎ ነገር የለም፤ ተጋድመው ይውላሉ።»

«እንደ ማን?»

«እኔ ስም አልጠራሁም። አባትሽ ግን ደህና ናቸው?»

ሳቋ ታፍኖ ወጣ፤ አፏን በመዳፏ የያዘች ሰው ሳቅ። ከዚያ የሆነ ነገር ተባባሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ያ ጠፍቶኛል። ያኔ ፈገግ ብዬ ወደ ትየባዬ ተመለስኩ። ክፉ ነገር ከሳቅ ይበቅላል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ የዚያ የምርምር ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ከመሣሪያው ክፍል በር አጠገብ ነው። ኮሌጅ የሚባል ደጅ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ያወቅኩት የሰውን ጥናት ስተይብና ያልገባኝን ስጠይቅ ነው። ዝም ብሎ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ሳይጠይቅም ይነገረዋል።

ልጁን «ባለ አፈሩ» ነበር የምንለው። ከአፈር የወጡ ባክቴሪያዎችን በጠርሙስ እያስናጠ የሚያሳድገው እሱ ነው፤ ነጭ ካፖርቱ ሁልጊዜ ዝናብ እንደነካው መሬት ይሸታል። ልጅቷ «ባለ ብርሃኗ» ናት። ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ በሚሉት፣ የፕሮቲንን እንቅስቃሴ የምትለካው እሷ ናት። ሁለቱም ለዶክትሬታቸው የሚሠሩ፣ በዕድሜ እኩያ፣ በትምህርትም እኩያ ነበሩ። የማይተካከሉት በወላጅ ብቻ ነው። የእሷ አባት የክፍሉ ኃላፊ፣ ታላቁ ፕሮፌሰር ናቸው። የእሱ አባት የውኃ ቧንቧ የሚቀበርበትን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ወገባቸው የጎበጠ ሰው ናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ባክቴሪያው አንቲባዮቲኩን የሚሠራው እንደ ፋብሪካ በተርታ ነው። ገና ያላለቀውን መድኃኒት ከአንዱ ፕሮቲን ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለ፤ «ተሸካሚው» ይሉታል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ተሸካሚው ሸክሙን ሲቀበል ይንቀሳቀሳል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወይስ እንደቆመ ይቀበላል? ለማወቅ ባዶውን ይለካሉ፣ የተጫነውን ይለካሉ፣ ሁለቱን ያስተያያሉ። ብርሃኑ በፕሮቲኑ ውስጥ ሲያልፍ የተዋጠው በስክሪኑ ላይ እንደ ኮረብታ ይወጣል። ፕሮቲኑ ከተንቀሳቀሰ ኮረብታው ላይ ትንንሽ ጥርሶች ይበቅላሉ።

ጥርሶቹም በቀሉ። ባዶው ላይ የሉም፣ የተጫነው ላይ አሉ። በተለካ ቁጥር።

ፕሮፌሰሩ የመሣሪያውን ማብሪያ በየት በኩል እንደሚገኝ ረስተው ኖረዋል፤ ያን ሰሞን ግን ከስክሪኑ ፊት አልጠፉም። «ተሸካሚው ሸክሙን ሲቀበል ይሰግዳል» አሉ። ግኝቱንም «ስግደቱ» ብለው ሰየሙት። በየስብሰባው ስግደቱ፣ በየደብዳቤው ስግደቱ። ፎቶ አንሺ ሲመጣ የማጠፊያው መስመር ያልጠፋለት አዲስ ካፖርት ለብሰው፣ አንድ ባዶ ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስተው በጥልቅ ሐሳብ አዩት። ብልቃጡ ውስጥ ምንም አልነበረም። እኔ ስግደት ለማን እንደሚገባ ከልጅነቴ የማውቅ ነኝና ቃሉን ስተይብ ጣቴ ይከብደኝ ነበር። ጸሐፊ ግን የተሰጠውን ይጽፋል።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር ሁለቱ ልጆች ይዋደዱ ነበር።

አልነገሩኝም፤ መንገርም አላስፈለጋቸው። ባለ አፈሩ የተጫነውን ፕሮቲን በትንሽ ብልቃጥ፣ በበረዶ ውስጥ አድርጎ ያመጣላታል። ብልቃጡ ላይ የምትለጠፈው ወረቀት ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። የሌሎቹ ላይ ቁጥርና ቀን ነው። የእሷ ላይ ግን ከቁጥሩ ሥር ሌላም አለ፤ «ተጭኗል። እኔም።» ይላል አንዱ። «ቀስ ብለሽ ያዢው፣ ልብ አለው» ይላል ሌላው። ለክታ ስትጨርስ ወረቀቷን በጥፍሯ ልጣ የመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ትለጥፋለች። ማኅደሩን ስትከፍት ፊቷ የሚሆነውን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ከዚያ ወይዘሮዋ መጣች።

ወይዘሮዋ የፕሮፌሰሩ ሚስት፣ የባለ ብርሃኗ እናት ናት። ገንዘብ ሰጪዎቹና እንግዶቹ በተሰበሰቡበት ስግደቱ በይፋ ሊነገር ቀን ተቆርጦ ነበርና ለዝግጅቱ የሚሆን ዕቃ አምጥታለች። ወይዘሮዋ ሰውን ከጫማው ጀምራ የምታይ ሴት ነች፤ ጫማው ካልደረሰላት ፊቱ ላይ አትደርስም። የባለ አፈሩን ጫማ አየችና እዚያው ቀረች።

«አንተ ልጅ፣ መኪናው ውስጥ ካርቶኖች አሉ። ብርጭቆ ነው፣ እንዳትጥለው።»

ባለ አፈሩ ወደ ባለ ብርሃኗ አየ። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው። «እማዬ፣ እሱ ባልደረባዬ ነው» ብትል ይበቃው ነበር። እሷ ግን ጣቶቿን ታያለች፤ አንድ የጎደለ ይመስል።

ወረደ። ተሸከመ። ተመላለሰ። የመጨረሻውን ሲያስቀምጥ ወይዘሮዋ ቦርሳዋን ከፍታ ብር ዘረጋችለት።

«ይቆየኝ» አለ፣ በእርጋታ። «ልጅዎ ትከፍለኛለች።»

«ከልጄ ጋር ደግሞ ምን አገናኘህ?»

«እሷን ይጠይቋት።»

ወይዘሮዋ ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች፣ ያልቆሸሸውን ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

«ምንም» አለች።

ያንን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ክህደት ረጅም ንግግር የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ባለ አፈሩ ግን አንገቱን አልደፋም። ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ይመስል ተመለከታት፤ ያየውም ነገር አነሰበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ይላት ጀመር።

«ፕሮቲንዎን አምጥቻለሁ።» «ይፈርሙልኝ።» «ሌላ የሚያዙኝ አለ?» በረዶውን ከበሩ ላይ ያቀብላታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ብልቃጡ ላይ ቁጥርና ቀን ብቻ። እሷ ተቀብላ ትገባለች፤ ወዲያው የመሣሪያው ክዳን ጠቅ ሲል እሰማለሁ፤ ከዚያ ደረቁ አየር ሲነፋ። ሳቅ የለም። የሚያስቀው ሰው ወጥቷል።

ስግደቱም አብሮት ወጣ።

የተጫነው ተሸካሚ ተለካ፤ ጥርስ የለም። ደግመው ለኩ፤ ኮረብታው እንደተላጨ ፊት ለስልሷል። ፕሮፌሰሩ ጮኹ፣ ወንበራቸውን ገፉ፣ ስክሪኑን በጣታቸው ጠረጉት፤ ጥርሱ ከአቧራው ሥር የተደበቀ ይመስል። ከዚያ ጥፋተኛ ሲፈልጉ ብዙ ሩቅ አልሄዱም። ባለ አፈሩን አስጠሩት።

«ምን አደረግህበት?»

«የሁልጊዜውን።»

«የሁልጊዜውን ብታደርግ የሁልጊዜው ይወጣ ነበር። ወይ ሳትጭነው ታመጣለህ፣ ወይ ሆን ብለህ ታበላሻለህ።»

«ጭኜዋለሁ። ክብደቱን በሌላ መሣሪያ አረጋግጡ፤ ሸክሙ እላዩ ላይ ነው።»

«እኔን አረጋግጡ ትለኛለህ? እኔ አንተን ከምን እንዳነሳሁህ ረሳኸው?»

«ከአፈር ነው፤ አልረሳሁም» አለ። «ስሜም ያው ነው።»

ፕሮፌሰሩ ክብደቱን አላስመረመሩም። ትልቅ ሰው ንዴቱ ካለለት ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። በይፋው ቀን ጠዋት ለዲኑ የሚቀርበውን፣ ባለ አፈሩ «ጥናት በማበላሸት» እንዲሰናበት የሚጠይቀውን ጽሑፍ እኔው እንድተይበው ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎበት የወጣን ልጅ ሌላ ቤተ ሙከራ በሩን አይከፍትለትም።

ባለ ብርሃኗ ያንን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አየችው። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«እትዬ፣ እሱ ሲመጣ ክዳኑን የምዘጋው መቼ ነበር? እርስዎ ይሰሙ ነበር።»

«እኔ የምሰማው ሳቃችሁን ነው፣ ልጄ። ጠቅ የሚለው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ወዲያው ደግሞ መለካት ትጀምሪያለሽ።»

ፊቷ ወረቀት መሰለ። እጇን ከአፏ ፊት አድርጋ ተነፈሰችበት፤ መዳፏን አየችው።

«እንፋሎት ነው» አለች። «ከአፋችን የሚወጣው። ውኃ እኮ ያንኑ ብርሃን ይውጣል፤ ፕሮቲኑ በሚታይበት ቦታ ላይ እሱም ጥርስ ያወጣል። ለዚህ ነው ክዳኑ ተዘግቶ ደረቅ አየር የሚነፋበት። ባዶውን ብቻዬን ስለካ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የተጫነውን ሲያመጣ ግን...»

«ግን?»

«እላዩ ላይ ቆመን እናወራለን። ከዚያ ሰዓቱ ይሄድብኛል፣ ሳላደርቀው እለካለሁ። ሁልጊዜ የተጫነውን ብቻ። ኮምፒውተሩ እንፋሎቱን በግምት ይቀንሳል፤ ከግምቱ የተረፈውን ነው አባባ ያነገሡት።» በእጇ ግንባሯን ያዘች። «የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፣ እትዬ። የማስተምራቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስግደቱ?»

«ስግደቱ እኛ ነን።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። ይህንን ብትናገር አባቷ በሰው ፊት ይዋረዳሉ፣ የራሷ የዶክትሬት ሥራ ይፈርሳል፣ «ምንም» ያለችው ነገር ምን እንደነበር እናቷ ታውቃለች። ዝም ብትል ባለ አፈሩ ይወጣል። በልቤ አንድ አጭር ጸሎት አደረስኩ። ለማን እንደምጸልይ እንጂ ምን ብዬ እንደምለምን አላወቅኩም።

«አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ አያናግረኝም።»

ባለ አፈሩ ጠርሙሶቹ በሚናጡበት ክፍል ውስጥ ነበር። ማሽኑ ይንገጫገጫል፤ እሱ ዕቃዎቹን እያጸዳ ይሰበስባል። ቀና ብሎ አያት።

«ምን ልርዳዎት?»

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ሌላ ምን ልበል? ካርቶን የሚያወጣ ሰው የካርቶኑን ባለቤት ልጅ አንቺ ይላል?»

ነገረችው። እንፋሎቱን፣ ክዳኑን፣ ሁሉንም። ሲሰማ እጁ ቆመ። ከዚያ ሳቀ፤ ያንን ሳቅ ከግድግዳው ወዲያ ሰምቼው አላውቅም።

«ስለዚህ ፕሮፌሰሩ የዞሩበት፣ የተሸለሙበት፣ የእኔና የእርስዎ ወሬ ነው። ለዚያውም እሳቸውን ስናማ።»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። እና ይህንን ለዲኑ ይነግሯቸዋል?»

እሷ ጣቶቿን ታያለች። ጠርሙሶቹ ይንገጫገጫሉ።

«አውቄው ነበር» አለ።

«አንተ ራስህ ክፍት ይሁን እያልክ...»

«እኔ? ይከደን የምለው እኔ ነኝ።»

«ቆይ የምትለው አንተ ነህ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ዳኛ ያገኙ ይመስል።

«እኔን ተዉኝ» አልኳቸው። «ያን ጊዜ የሁለታችሁም ድምፅ አንድ ነበር።»

ይህ ከንዴቱ ይልቅ ጎዳው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ ጠርሙሶቹ አዞረ።

«አንተ ለምን አትነግራቸውም ታዲያ?» አልኩት። «ራስህን አድን እንጂ።»

«ምን ብዬ፣ እትዬ? ልጃችሁ እየተነፈሰችብኝ ነው ብዬ? ማን ያምነኛል?» ጨርቁን ጨመቀ። «ቢያምኑኝም አልናገርም። ያ ክፍል ለእኔ ጥሩ ክፍል ነበር። መከላከያ አላደርገውም። እሷ የናቀችውን እኔ በአደባባይ አልሸጠውም።»

ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ባክቴሪያዎቹን አደራ» አላት። «ቀለብ አያብዙባቸው።»

ስንወጣ መነጽሯን አውልቃ ያዘች። የምትጠርገው መነጽሩን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ዲኑ መጡ። ዲኑ በስብሰባ ላይ በማዳመጥ አስመስለው ማንቀላፋት የሚችሉ፣ ለዚህም ሥልጣን ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከመሣሪያው አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮዋ የአበባ ማስቀመጫ ታቅፋ ገባች፤ አዳራሹን እያስጌጠች ነበርና የልጁን መባረር በመንገዷ ልታየው። ባለ አፈሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ።

ፕሮፌሰሩ ስለ ታማኝነት ተናገሩ። በሳይንስ ውስጥ ስለሚያስፈልገው ንጹሕ እጅ ተናገሩ፤ ያ መሣሪያ እጃቸውን ካየ ስንት ዘመኑ። በመጨረሻም ጽሑፉን ለዲኑ ገፉላቸው።

«የሚናገር አለ?» አሉ ዲኑ፣ ብዕራቸውን እየከፈቱ።

«አለሁ» አለች ባለ ብርሃኗ።

«አንቺ ምስክር አይደለሽም» አሉ አባቷ።

«ምስክር አይደለሁም አባባ። ጥፋተኛዋ ነኝ።»

መሣሪያው ጋ ሄደች። የብልቃጡን ቦታ ከፍታ አሳየች፤ ፕሮቲን የለም፣ ባዶ ነው። ከደነችው። ደረቁ አየር እስኪነፋ ጠበቀችና ለካች። ስክሪኑ ላይ ልሙጥ መስመር ወጣ።

«ምንም የለም፣ ያያሉ?» አለች። ክዳኑን መልሳ ከፈተችው። ወደ በሩ ዞራ፣ «ና፣ ቅረብ» አለችው ባለ አፈሩን።

«ምን ሊያደርግ?» አለች ወይዘሮዋ።

«ሊያወራኝ።»

ባለ አፈሩ ከበሩ አልተነቃነቀም። «ከእርስዎ ጋር የማወራው አልቋል።»

«እንደ ድሮው አውራኝ አላልኩም። የምታስበውን ተናገር። እዚህ፣ ከክዳኑ በላይ።»

ቀስ ብሎ መጣ። ሁለቱ በተከፈተው ክዳን ላይ ጎንበስ ብለው ተያዩ። አንዱ የሌላውን ዓይን ለማየት ከዚያ በላይ መቅረብ አይቻልም።

«ምን ልበልዎት?» ጀመረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ሸክም አያሳፍረኝም። አባቴ ይህ ከተማ የሚጠጣውን ውኃ የሚያመጣውን ቧንቧ እየቀበረ አሳደገኝ፤ ማታ ሲገባ ጀርባውን ሳሽለት አፍሬ አላውቅም። ያሳፈሩኝ እርስዎ ነዎት። በሁለት እጄ የእናትዎን ብርጭቆ ይዤ ሳይዎት ጣትዎን ይቆጥሩ ነበር። እኔ አንዲት ብልቃጥ ለማድረስ ደረጃውን ስሮጥ፣ ያንን ወረቀት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ቀድጄ ስጽፍ... አንቺ በአንድ ቃል ደመሰስሽው። ምንም። ብትጠዪኝ ይሻል ነበር፤ ጠላትነት እንኳ ክብር አለው። አንቺ ግን እንደ ዕቃ አስቀመጥሽኝ። ስለዚህ ንቄሻለሁ። ተናገር አይደል ያልሽው፣ ስሚ፤ ንቄሻለሁ። እንደገና ደግሞ ንቄሽም ማሰቡን አልተው ስላለኝ ራሴንም ንቄዋለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍሱት ሁለቱ ብቻ ይመስሉ ነበር።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እኔ ልናገር።» ወደ ኋላ አላለችም። «ልክ ነህ። ፈራሁ። እናቴ ጫማህን ያየችበት ዓይን ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ሸጥኩህ። ይህን ፈሪነት ከየትም አላመጣሁትም፣ የራሴ ነው። ክዳኑንም ክፍት የማደርገው እኔ ነኝ። ይከደን ስትለኝ ቆይ የምልህ እኔ ነኝ፤ ትናንት ዋሸሁህ። ስዘጋው ትሄዳለህ። እንዳትሄድ ነበር።»

የአበባ ማስቀመጫው በወይዘሮዋ እቅፍ ውስጥ ዘነበለ፤ ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ አላወቀችም።

ባለ ብርሃኗ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ክዳኑን ዘጋችው። ደረቁን አየር አልጠበቀችም። ለካች።

ጥርሶቹ በቀሉ። ሁሉም በየቦታቸው፣ ፕሮፌሰሩ በየመድረኩ ያሳዩአቸው እነዚያው። ለፍቅር ወሬ የሰገደው ነገር ለንቀትም ሰገደ። መሣሪያው አይለያቸውም፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ፣ ያው እርጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ዲኑ ነቁ። ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

«ፕሮቲኑ የታለ?»

«የለም» አለች። «መጀመሪያም እሱ አልነበረም የሚታየው።»

«እንዲህ ተጠጋግታችሁ ነው የምትሠሩት?» አለች ወይዘሮዋ። ከተባለው ሁሉ እሷ ጋ የደረሰው ይህ ነው።

«አዎ እማዬ። ባልደረባዬ ነው። ከዚያም በላይ ነው፤ ነበር። ከዚያ እኔ አበላሸሁት።»

ፕሮፌሰሩ ከጥርሶቹ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቅቷቸዋል። ቆይተው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የመሣሪያ እክል እንበለው» አሉ።

«መሣሪያው ያየውን ነው የተናገረው፣ አባባ። እክሉ እኛ ነን።»

ያንን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ጻፍኩት፤ ሲነበብ ፕሮፌሰሩ እንዲሰረዝ ጠየቁ፣ ዲኑ ግን «ይቆይ» አሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአፋቸው የሰማሁት አንድ የነቃ ቃል እሱ ነው። የስንብቱን ጽሑፍ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና እንግዶቹን ለመመለስ ወጡ። ፕሮፌሰሩ በኋላ በር ሄዱ። ለልጁ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይቅርታ የሚባለውን ነገር በእሳቸው ስም ሌላ ሰው እንዲለካላቸው ሳይጠብቁ አልቀሩም። ወይዘሮዋ አዳራሽ ውስጥ የጠረጴዛ ልብሶቿን ስታጣጥፍ አየኋት፤ ጥግ ከጥግ እያጋጠመች፣ በጥንቃቄ። በዚያ ቤተሰብ እጅ ያን ዓመት ተስተካክሎ የታጠፈ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ከጠረጴዛዬ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። እኔ ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«ተሸካሚው ይጎንበስ አይጎንበስ አሁንም አናውቅም» አለች ቆይታ።

«አናውቅም።»

«አዲስ ትጭንልኛለህ?»

«ሌላ ሰው ይጫንልሽ።»

«ካንተ በቀር የሚችል የለም።»

«ይማሩ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ዛሬ ስለተናገርሽ የታረቅኩሽ እንዳይመስልሽ። ደፋር ነሽ፣ አየሁ። ግን ያ ቀን ከዓይኔ አልወጣም።»

«መታረቅ አይደለም የጠየቅኩህ። ፕሮቲን ነው።»

ሊስቅ ፈልጎ ዋጠው፤ ጉንጩ ግን አስነቃበት።

«ጥርስ ባይኖረውስ?»

«የለውም ብለን እንጽፋለን። ስምህ ከስሜ ጎን ሆኖ።»

«እናትሽ ያንን ስታነብ?»

«ታንብበው። ዛሬ ቆማ ሰምታለች፤ በዚያ ላይ ማንበብ ቀላል ነው።»

ሁለት ጊዜ ሊነሣ ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ዓይኔን ወረቀት ላይ ተክዬ፣ ለማንም በማይሰማ ቃል እለምን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ምን ብዬ እንደምለምን አውቄያለሁ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ። «እጭነዋለሁ። አምጥቼ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ትከድኚዋለሽ። እላዩ ላይ ወሬ የለም።»

«ወሬ የለም።»

«ደረቁ አየር ነፍቶ እስኪጨርስ አትነኪውም።»

«አልነካውም። ብዙ ያስጠብቃል ግን፤ እዚህ ትጠብቀኛለህ?»

አውቃለሁ አለ። ከዚያ ጣቶቹን አገጣጥሞ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አገጣጥሞ፣ እዚህ ወንበር ላይ አብሯት ሊጠብቅ ተስማማ።